ስጥ፣ ኩበትና ጥራጊ፦ የፀሐይ ሙቀትና የቆሻሻ አያያዝ ታሪክ በቢቸናና በሞጣ

ቢቸናና ሞጣ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ላይ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላቸው ከተሞች ናቸው። ቢቸና የእነማይ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን በደጀን በኩል ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሞጣ ከእርሷ ሰሜን ምዕራብ፣ በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ፣ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሁለቱም የአውራጃ ዋና ከተሞች ነበሩ። ዙሪያቸው የጤፍ፣ የስንዴና የከብት አገር ነው።

በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንትና በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት። የነሐሴዋ በክረምት ደመና ስለምትሸፈን ጥቅም አትሰጥም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው በጋ ግን ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑን ፀሐይዋ ታቃጥላለች። በኢትዮጵያ በአማካይ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በቀን 5.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኃይል ያርፋል። የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ይህን በቁጥር ባይለካውም ሥራውን ሁሉ በእርሱ ላይ አቅዶ ኖሯል። የቤቱን ጥራጊና የከብቱን እበትም ያስተዳደረው በዚሁ ሙቀት ነው። የፀሐይ ሙቀትና የቆሻሻ አያያዝ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች የሆኑት በቅርቡ፣ ከተማው ካደገና ፕላስቲክ ከመጣ ወዲህ ነው።

የስጥ ሥራ

ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚደርቅ ነገር ሁሉ ስጥ ይባላል። በርበሬ ስጥ ነው፤ ለሽሮ የታጠበ አተርና ባቄላ፣ ለእህል ወፍጮ የተለቀመ ስንዴ፣ ጌሾ፣ ብቅል፣ ድርቆሽ፣ ሁሉም ስጥ ነው። በሰሌን ወይም በቁርበት ላይ ጧት ጤዛው ሲነሣ ይሰጣል፤ ቀትር ላይ በእጅ ይገላበጣል፤ ማታ ጤዛ ሳይወርድ ይገባል። ዶሮና ፍየል እንዳይደፍረው አንድ ልጅ በትር ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ስጥ ጥበቃ የደጋ ልጅ የመጀመሪያ ኃላፊነቱ ነው። ከቤት ሳይወጣ የሚሠራ ሥራ በመሆኑ ለትንሽ ልጅ ይመቻል፤ ዝናብ ሳይታሰብ ሲመጣ ግን ስጡን ለማስገባት የጎረቤቱ ሰው ሁሉ ይሯሯጣል።

ከስጦች ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው ብቅል ነው። ገብሱ ይነከርና በቅጠል ተሸፍኖ ይበቅላል። ቡቃያው የሚፈለገው ርዝመት ላይ ሲደርስ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ፀሐይዋ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ቡቃያውን ታስቆማለች፣ እርጥበቱንም ታወጣለች። በእሳት ቢደርቅ ሙቀቱ ሲያልፍ የብቅሉ ኃይል ይሞታል፤ ገብሱን ወደ ስኳር የሚለውጡት ረቂቅ ንጥረ ነገሮች ከፍተኛ ሙቀት አይችሉም። የደጋ ፀሐይ ግን አድርቃ ኃይሉን ትተዋለች። ጠላ ጠማቂዎች ጥሩ ብቅል የበጋ ብቅል ነው የሚሉት ለዚህ ነው፤ ለክረምት የሚያስፈልገውም ከግንቦት በፊት ደርቆ ይቀመጣል።

የቤተ ክህነት ሥራም በዚሁ ሙቀት የተያዘ ነበር። በቢቸና አቅራቢያ ያለው የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ከጎጃም የትምህርት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ትምህርት ባለበት ደግሞ ብራና አለ። የፍየል ቆዳ ተነክሮ ጸጉሩና ስቡ ይወገዳል፤ ከዚያ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ በገመድ ይወጠርና እየተፋቀ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ሲደርቅ የሚጠብቀው ውጥረት ቆዳውን ብራና ያደርገዋል። የሚጻፍበት ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል ይዘጋጃል፤ ቀለሙ የሚቀመጠው ደግሞ በከብት ቀንድ ነው። ከምድጃ የሚጠረግ ጥላሸት፣ ከታረደ ከብት የሚቀር ቀንድና ቆዳ፣ በነጻ የምትገኝ ፀሐይ፤ መጽሐፍ የሚሠራው ከእነዚህ ነበር።

አውድማ

እበትና ፀሐይ አብረው ሲሠሩ በግልጽ የሚታየው አውድማ ላይ ነው። የጤፍ ፍሬ ከእህል ሁሉ ደቃቅ ነው። የእነማይ መረሬ አፈር ደግሞ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጤፍ በተሰነጠቀ መሬት ላይ ቢበራይ የዓመቱ ምርት ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ ኅዳር ላይ፣ አጨዳው ሲደርስ፣ ነፋስ የሚያገኘው ከፍ ያለ ቦታ ይመረጣል። ሣሩ ይላጫል፤ ውሃ ይረጭና ከብት እየተነዳ መሬቱ ይረገጣል። ከተጠረገ በኋላ ትኩስ እበት በውሃ ተበጥብጦ በእጅና በቅጠል ይለቀለቃል። የመጀመሪያው ልቅለቃ ሲደርቅ ስንጥቁ እንደገና ብቅ ይላል፤ ሁለተኛው በላዩ ይደረባል። በእበቱ ውስጥ ያለው የሣር ጭረት እንደ ክር ሆኖ ልቅለቃውን ያያይዘዋል፤ ፀሐይዋ ደግሞ ታጠነክረዋለች። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መሬቱ እንደ ቆዳ ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ ነዶው ይዘረጋል፣ በሬዎቹ ይዞሩበታል፣ መንሽና ላይዳ ይነሣል። በማበራየት ላይ በሬ እበት ቢጥል ልጅ ፈጥኖ በእጁ ይቀበላል፤ ያችው እበት ደርቃ ሌላ ጥቅም ትሰጣለች።

ኩበት

ያ ሌላ ጥቅም ኩበት ነው። ከብት ያደረበት ጋጣ ጧት ይዛቃል። እበቱ ከጭድ ወይም ከእብቅ ጋር ይለወሳል፤ ከዚያ በእጅ ተድበልብሎ በሜዳ ወይም በድንጋይ ካብ ላይ ይጠፈጠፋል። በእያንዳንዱ ኩበት ላይ የጠፍጣፊዋ ጣቶች አሻራ ይቀራል። ከጥቂት ቀን በኋላ ፊቱ ሲነጣ ይገለበጣል፤ ሁለቱም ወገን ሲደርቅ ሁለት ሦስቱ እየተደጋገፉ ይቆማሉ፣ ነፋስም በመካከላቸው ያልፋል። ሲሰበር ቀጭ ካለ ደርቋል። የደረቀው እንደ ጎጆ ክብ ሆኖ ይከመርና ውጭው በትኩስ እበት ይለቀለቃል፤ ይህ ልቅለቃ የክረምቱን ዝናብ ያንሸራትታል። ሰኔ ሲገባ ደጃፍ ላይ የቆመው ክምር የቤቲቱን ጥንካሬ ይናገራል።

የዚህ ሥራ ስሌት ቀላል ነው። ትኩስ እበት አምስት እጅ ቢሆን አራቱ እጅ ውሃ ነው። አሥር ኪሎ እበት ደርቆ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ኩበት ሲሆን ሰባት ኪሎ ተኩል ውሃ ተንኖ ሄዷል ማለት ነው። ያን ያህል ውሃ ለማትነን የሚያስፈልገው ሙቀት አምስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህም በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በአንድ የበጋ ቀን ከሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ጋር ይቀራረባል። ከብርሃኑ ብዙው ስለሚባክን መድረቁ ቀናት ይፈጃል፤ ሥራው ግን ያለ ወጪ ይሠራል። ይህን ሙቀት በእንጨት እንስጥ ቢባል ከአንድ ኪሎ በላይ ደረቅ እንጨት ይቃጠል ነበር። እርጥቡን እበት ያለ ፀሐይ ማንደድ አይቻልም፤ ከራሱ ከሚወጣው ሙቀት የሚበዛውን ውሃውን ለማትነን ያውለዋል።

የኩበት ክምር በዚህ አነጋገር የፀሐይ ሙቀት ጎተራ ነው። ፀሐይ በሌለችበት በሐምሌና በነሐሴ የበጋዋ ፀሐይ ምጣድ ሥር ትነድዳለች። ኩበት ቀስ ብሎ፣ ሳይንበለበል፣ ሙቀቱን እኩል እየሰጠ ስለሚነድ ለምጣድ ተስማሚ ነው፤ ሸክላ የሚተኩሱ ሴቶችም ይመርጡታል።

ዋጋው ግን ከማሳው ይከፈላል። ደን እየራቀ ሲሄድ ፍግ ሆኖ ወደ ማሳ መመለስ የነበረበት እበት ወደ ምድጃ ገባ። የዓለም ባንክ ባልደረባ የነበረው ኬኔት ኒውኮምብ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጥናት ይህን ሰንሰለት ደረጃ በደረጃ አሳይቷል፤ ዛፉ ሲያልቅ ኩበት ይነድዳል፤ ኩበት ሲነድ አፈሩ ይራባል፤ አፈሩ ሲራብ ምርት ይቀንሳል። መፍትሔው ዛፍ መትከል ነው የሚለው ድምዳሜው ለምሥራቅ ጎጃም እንግዳ አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው ባሕር ዛፍ በጎጃም ደጋም በየጓሮውና በየወንዙ ዳር ተስፋፍቶ ነበርና ከኩበቱ የተወሰነውን ሸክም አቃለለ።

የሚጣል ነገር ያልነበረበት ቤት

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቆሻሻ ተብሎ የሚጣለው እጅግ ጥቂት ነበር። የጠላው አተላ ለከብትና ለአህያ ይሰጣል። ከብቱ በልቶ እበት ይጥላል፤ እበቱ ደርቆ ኩበት ይሆናል፤ ኩበቱ ነዶ አመድ ይሆናል። አመዱ ዕቃ ይፈገፈግበታል፣ ከዘር እህል ጋር ተደባልቆ ነቀዝ ያርቃል፣ የተረፈው ከቤት ጥራጊ ጋር ጓሮ ይደፋል። ጎመኑ፣ ዱባውና በቆሎው ከሁሉ ቀድሞ የሚያምረው በዚያ ነው፤ ከማሳ ይልቅ የጓሮ አፈር ለም መሆኑ ከዚህ የመጣ ነው። ጭዱ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይሆናል። ያረጀ ቁርበት ጠፍር፣ የተሰነጠቀ ቅል መጥለቂያ ይሆናል። የሞተ ከብት ሜዳ ከተጣለ ቀን ጥንብ አንሣ፣ ሌሊት ጅብ ያነሣዋል።

ይህን ሥርዓት ግን ከሚገባው በላይ ማሞገስ አይገባም። ሜዳ መውጣት የተለመደ ነበር፤ ዝናብ የጠረገው ቆሻሻ ምንጭ ይገባ ነበር። በአማራ ክልል ብዙ ሰው ያሳወረው ትራኮማ የሚተላለፍበት አንዱ መንገድ ዓይን ላይ የምታርፍ ዝንብ ናት፤ ይህች የዝንብ ዝርያ ደግሞ በሜዳ ላይ በቀረ የሰው ዓይነ ምድር ትራባለች። የኩበት ጭስም የሴቶችንና የሕፃናትን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። አሮጌው ሥርዓት ንብረት አለማባከንን ያውቅ ነበር፤ ጀርምን ግን አያውቅም ነበር።

ጣሳ፣ ጎማና ማዳበሪያ

የፋብሪካ ዕቃ ወደ ሁለቱ ከተሞች ሲገባ መጀመሪያ የተስተናገደው በዚሁ አሮጌ ደንብ ነው። ቋንቋው ይመሰክራል። ታኒካ፣ ላሜራና ጎማ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። የዘይትና የነዳጅ ቆርቆሮ ባዶውን ሲቀር የውሃ መቅጃ፣ የእህል መስፈሪያ ሆነ፤ በገበያ ጣሳ ራሱን የቻለ መለኪያ ነው። ትንሹን ጣሳ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች አፉ ላይ ክር ማውጫ አበጅተው ኩራዝ አደረጉት፤ ነጭ ጋዝ የሚጠጣው ይህ መብራት የብዙ ተማሪዎችን ሌሊት አብርቷል። ያረጀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ጫማ ሆነ።

የሚገርመው የማዳበሪያ ታሪክ ነው። ዳፕና ዩሪያ በ1960ዎቹ በአነስተኛ የእርሻ ፓኬጅ ፕሮግራም አማካይነት በገጠር መሠራጨት ከጀመሩ ወዲህ የመጡበት ከረጢት ከይዘቱ ይልቅ በየቤቱ ሥር ሰደደ። ዛሬ በገበያ «ማዳበሪያ» ሲባል የአፈር ማዳበሪያ ብቻ ሳይሆን ከረጢቱም ይታወቃል፤ አንድ ማዳበሪያ ጤፍ፣ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ይባላል። «ሃይላንድ» የሚለው የታሸገ ውሃ ስምም የባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። በሁለቱም ዕቃው ሲያልቅ ማሸጊያው ስሙን ወርሷል።

በየሰፈሩ እየዞሩ «ቆራሌው!» እያሉ አሮጌ ዕቃ የሚገዙ፣ «ልዋጭ!» እያሉ በአሮጌ ልብስና ጫማ የፕላስቲክ ሳህንና ብርጭቆ የሚለውጡ ነጋዴዎችም የዚህ ሰንሰለት ክፍል ናቸው። ቆራሌው የሚለው ጥሪ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው አጥሮ የወጣ ነው ይባላል። ማዘጋጃ ቤቶች ቆሻሻን መለየትና መልሶ መጠቀም የሚሉትን ሥራ እነዚህ ነጋዴዎች ያለ በጀትና ያለ መኪና ሲሠሩት ኖረዋል።

ሰንሰለቱ የተበጠሰው ፌስታል ሲመጣ ነው። ስስ ፌስታል ታጥቦ ለሌላ ጊዜ ለመዋል አይበረታም፤ ቆራሌው አይገዛውም፤ አፈር አይበላውም። ከጥራጊው ጋር ጓሮ ሲደፋ አፈሩን ይሸፍናል፤ ከብት ሲውጠው ሆድ ውስጥ ይቀራል። ጓሮ የሚደፋው ጥራጊ ማዳበሪያነቱ ቀረና ቆሻሻ ሆነ። በሥርዓቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይም፣ አፈርም፣ ከብትም የማይቀበሉት ነገር ተገኘ።

ማዘጋጃ ቤትና ሕግ

በኢትዮጵያ ከተሞች በማዘጋጃ ቤት የሚተዳደሩበት ሥርዓት በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ተደነገገ፤ የከተማ ጽዳት በማዘጋጃ ቤት ትከሻ ላይ ወደቀ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ በተለምዶ ቀበሌ የሚባሉት፣ ተቋቋሙ፤ የጽዳት ዘመቻም በቀበሌ ጥሪ የሚወጣበት ሥራ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን መብት አደረገው።

ከዚህ በኋላ የመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በ1995 ዓ.ም. ተጀምሮ ከያዛቸው 16 ፓኬጆች 7ቱ የግልና የአካባቢ ንጽሕና ጉዳዮች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ የደረቅና የፍሳሽ ቆሻሻ አወጋገድ ነው። የሞጣ አካባቢ በዚህ ረገድ ቀድሞ ተነሥቷል። በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከትራኮማ መከላከል ጋር ተያይዞ በተካሄደው ቅስቀሳ ብዙ ሺህ አባወራዎች በእንጨት፣ በጭቃና በሣር፣ በዝቅተኛ ወጪ ጉድጓድ መጸዳጃ ሠሩ። ውጤቱን የተከታተለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። መጸዳጃዎቹ የተሠሩት ገበሬው በሚያውቀው ዕቃና ብልሃት ነው፤ አዲስ የሆነው ሐሳቡ ነበር።

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በ1999 ዓ.ም. ወጣ። ቤተሰብ እንደገና ሊሠራበት የሚችለውን ከሌላው እንዲለይ አዘዘ፤ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ የፕላስቲክ ከረጢት እንዳይመረትና እንዳይገባ ከለከለ። ስስ ፌስታል ግን ከገበያ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን የፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ከልክሏል፤ ክልከላው በሚይዘውም ሰው ላይ ቅጣት ይጥላል።

አዲሶቹ ብልሃቶች

ኩበቱን ሳይነካ ምድጃውን ማሻሻል የመጀመሪያው እርምጃ ነበር። በ1980ዎቹ የተስፋፉት ላቀች የከሰል ምድጃና ምርጥ የእንጀራ ምድጃ ከዚህ ወገን ናቸው። ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ ሲሆን በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ማገዶ እስከ ግማሽ ያድናል። በቤተሰብ ማገዶ ከግማሽ በላዩን የሚበላው እንጀራ መጋገር ስለሆነ ይህ ቀላል ትርፍ አይደለም።

ባዮጋዝ ቀጠለ። ኢትዮጵያ ባዮጋዝን ያወቀችው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአምቦ እርሻ ኮሌጅ ነው፤ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ግን በ2001 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ሥራ ጀመረ። በኔፓል ሞዴል ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀው ማብላያ «ስንዱ» ተባለ። አራት ያህል ከብት ያለው ገበሬ እበቱን ከእኩል ውሃ ጋር በጥብጦ ከመሬት በታች በተሠራ ጉልላት ውስጥ ያስገባል፤ በላይ ጋዝ ይወጣል፣ በጎን ዝቃጩ ወደ ማሳ ይሄዳል። እበት ተጠፍጥፎ ሲደርቅ ማገዶ ወይም ፍግ ከመሆን አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ባዮጋዝ ሁለቱንም ይሰጣል። ሁለት ችግሮች ግን ተከተሉት። አንደኛ፣ የማብላያው ረቂቃን ተሕዋስያን 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቃቸው በደንብ ይሠራሉ፤ ከ15 ዲግሪ በታች ይዳከማሉ። የቢቸናና የሞጣ ሌሊት ቀዝቃዛ ነውና ማብላያው ጥላ በሌለበት፣ ፀሐይ በሚመታው ደጅ መሠራት ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ የጋዝ ምድጃዎች ወጥ ይሠራሉ እንጂ እንጀራ አይጋግሩም ነበር። ስለዚህ የኩበቱ ክምር ከደጃፍ አልጠፋም።

በፀሐይ ሙቀት እንጀራ መጋገር ሳይንሱ የቆየ ነው። የጄኔቫው ሆራስ ቤኔዲክት ዴ ሶሱር እ.ኤ.አ. ከ1767 ጀምሮ ባደረጋቸው ሙከራዎች በመስታወት በተከደነ ሣጥን የፀሐይን ሙቀት ከውሃ መፍያ በላይ አደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1913 አሜሪካዊው ፍራንክ ሹማን ከካይሮ ደቡብ በማዓዲ በትልልቅ ጎባጣ መስታወቶች እንፋሎት አፍልቶ የዓባይን ውሃ ለመስኖ አወጣ፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነትና ርካሽ ነዳጅ ሥራውን አስቀሩት። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የአዲስ አበባና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የፀሐይ ምጣድ ሠርተው ፈትነዋል። ምጣድ በተለምዶ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። መስታወቱ ብርሃኑን ሰብስቦ ዘይት ወይም እንፋሎት ያሞቃል፤ ሙቀቱ በቧንቧ ቤት ገብቶ ምጣዱን ከሥር ያግለዋል። ፀሐይ ስትጠልቅም እንዲጋገር 220 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚቀልጥ የናይትሬት ጨው ሙቀቱን ይይዛል። ጨው ሲቀልጥ ሙቀት ይውጣል፤ ሲረጋ መልሶ ይሰጣል። በደጃፍ የቆመው የኩበት ክምር የሚሠራውን ይህ ጨው በሰዓታት ውስጥ ይሠራል፤ ክምሩ ግን የወራት ፀሐይ ይይዛል፣ ዋጋውም ጉልበት ብቻ ነው። የፀሐይ ምጣድ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ ወደ ገጠር ቤት እንዳይገባ የያዘው በዋናነት ይህ የማከማቻ ጉዳይና ዋጋው ነው።

ቀለል ያሉት ብልሃቶች ፈጥነው ገብተዋል። ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ ጥቁር ሮቶ ከቀትር በኋላ ለብ ያለ ውሃ ይሰጣል። ኩራዝን የሶላር መብራት እየተካው ነው። ውሃ በፀሐይ ማከምም አለ፤ ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ከ1991 ወዲህ በስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ተስፋፍቷል። ንጹሕና ጥርት ያለ ሃይላንድ ያልደፈረሰ ውሃ ተሞልቶ በጠራ ቀን ስድስት ሰዓት፣ በዳመነ ቀን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይውላል። የፀሐይ ጨረርና ሙቀት ተባብረው ጀርሙን ይገድላሉ። በቢቸናና በሞጣ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሳይሞላ ነው፤ ይህ ዘዴ ግን ማፍላትም ማገዶም አይፈልግም። የተጣለ ጠርሙስና ነጻ ፀሐይ ተገናኝተው ጠቃሚ ነገር መሥራታቸው ዘዴውን የአሮጌው ደንብ ቀጥተኛ ልጅ ያደርገዋል።

የአዲስ አበባ ትምህርት

ቆሻሻን በትልቁ ወደ ኃይል ለመለወጥ የሞከረችው አዲስ አበባ ናት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተከፈተው የረጲ ቆሻሻ መጣያ፣ በሕዝብ አጠራር ቆሼ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋን ጥራጊ ተሸከመ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። በአጠገቡ የተሠራው የረጲ የኃይል ማመንጫ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው።

የኢትዮጵያ ከተማ ቆሻሻ ግን አብዛኛው የምግብ ትርፍና ቅጠል፣ እርጥበቱም ብዙ ነው። እርጥብ ቆሻሻ ሲቃጠል ሙቀቱን ውሃ በማትነን ይጨርሳል። የደጋ ሴት እርጥብ እበት ምድጃ ውስጥ የማትከተው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም መጠን ላሉ ከተሞች ማቃጠያ ሳይሆን መለየት ይሻላል፤ የሚበሰብሰው በብስባሽ ወይም በትል ማዳበሪያ ወደ ማሳ፣ ብረቱና ጠርሙሱ ወደ ቆራሌው፣ የቀረው ጥቂት ወደ መቅበሪያ። ብስባሽም ሆነ የፍሳሽ ዝቃጭ ከመጫኑ በፊት በበጋ ፀሐይ ቢደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ማጓጓዣው ይረክሳል፣ የተሕዋሲው አደጋም ያንሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው። ወደ ምሥራቅ ጎጃም ቤት የዘለቀው አዲስ ነገር በአሮጌው የማድረቅ፣ የመለየትና የማስቀመጥ ልማድ ላይ የተተከለው ነው፤ መሣሪያውን ብቻ ይዞ የመጣው በር ላይ ቀርቷል። ዛሬ በበጋ ወራት በርበሬና ብቅል ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት በሰሌን ወይም በቁርበት ላይ አይደለም። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች ተቀደው፣ እርስ በርስ ተሰፍተው፣ ፀሐይ ላይ ተዘርግተው ስጥ ይሰጣባቸዋል።